የበረሃውን ቤት ለደጋ ዝናብ፦ በኩታበር የአፈር ጉልላት አሠራር

እንጨት ሳይገባበት ከአፈር ብቻ ስለሚሠራ ጉልላት ቤት የሚጻፈው አብዛኛው መመሪያ ለበረሃ የተዘጋጀ ነው። ኢራናዊው አርክቴክት ናደር ኻሊሊ አፈር በጆንያ ሞልቶ መደርደርን ያስተማረው በካሊፎርኒያ በረሃ፣ በሄስፔሪያ ከተማ ነበር። ግብፃዊው ሐሰን ፈትሒ ደግሞ ከኑቢያ ግንበኞች የቀሰመውን የጭቃ ጡብ ጉልላት ያሳየው በሉክሶር አጠገብ፣ ዝናብ ብርቅ በሆነበት በአዲሱ የጉርና መንደር ነው። በደቡብ ወሎ ያለችው ኩታበር ግን በረሃ አይደለችም። በልግም ክረምትም ያገኛታል፤ በጎረቤቷ በደሴ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ በረዶም ይወርዳል። የበረሃውን መመሪያ እንዳለ አምጥቶ እዚህ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ክረምት ሳይወጣ ቤቱ ከአናቱ መሟሟት ይጀምርበታል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ነገሩ ለቆላና ለበረሃ እንጂ ለእኛ አይሆንም ብለው ይተዉታል። ይሆናል ብዬ የምከራከረው የደጋ ሌሊት ከበረሃ ሌሊት ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ልዩነቱ ዝናቡ ላይ ነው፤ ዝናብን ደግሞ መከላከል ይቻላል። ከበረሃው ቤት የግድግዳውን ውፍረትና የጣሪያውን ቅስት እንውሰድ፤ ያለ ክዳን መቆሙን እንተወው።

ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርዳም ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል፤ ከፍ ባለው ቦታ ውርጭ ይጥላል። በበረሃም የሚሆነው ይኸው ነው። የበረሃ ሰዎች ወፍራም የአፈር ግድግዳ የመረጡት 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተጠቀጠቀ አፈር ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚጠጣና ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ነው፤ ቀን የገባው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ዛሬ በየቀበሌው የሚሠራው የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ተቃራኒው ነው። ጣሪያው አንድ ስስ ብረት በመሆኑ ቀን ይግላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ንጋት ላይ የሰውና የእሳት እንፋሎት ቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ኮርኒስ ያለው ቤት ይሻላል፤ የገጠሩ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ኮርኒስ የለውም። የአፈር ጉልላት ማለት ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ፣ እንጨት ያልጠየቀ፣ የማይቃጠል ወፍራም ኮርኒስ ማለት ነው። ቆርቆሮው ወይም ሣሩ ከእሱ በላይ ሆኖ ዝናቡን ብቻ ይመልሳል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከዙሪኩ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ በ2010 እ.ኤ.አ. በልደታ ግቢው ባለ አንድ ፎቅ የሙከራ ቤት ሠርቷል። ግድግዳው ከአገር አፈር ነው፤ ወለሉንና ጣሪያውን የተሸከመው ደግሞ ከአፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ የተጨመቀ ስስ ጡብ በቅስት ተደርድሮ ነው። ዓላማው ውድና እየጠፋ የመጣውን እንጨትና ከውጭ የሚገባውን ብረት መቀነስ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በደቡብ አፍሪካ የማፑንጉብዌ የጎብኚዎች ማዕከል በተመሳሳይ ዘዴ ተሠርቶ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ሕንፃ ተብሎ ተሸልሟል፤ ጡቦቹን የጨመቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በላስታ ላሊበላ ከቀይ ድንጋይ የተሠሩት ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ወፍራም ክብ ግድግዳ ለወሎ ደጋ ምን ያህል እንደሚስማማ ሲመሰክሩ ኖረዋል። በዚህ አገር ድንጋይ በጭቃ የሚደረድር ግንበኛ አለ፤ አዲስ የሚማረው ክቡን ወደ ላይ ሲሄድ እያጠበበ መዝጋትን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚሠሩት ቤት የመኝታ ቤት አይሁን። ማድቤት ይሁን። ይህን አጥብቄ የምመክረው በሦስት ምክንያት ነው። ማድቤት ትንሽ በመሆኑ የውስጥ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ጉልላት ይበቃዋል፤ ይህም 7 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ነው። ሁለተኛ፣ የሣር ማድቤት በአንድ ፍንጣሪ ሊነድ ሲችል የአፈር ጉልላት እሳት አይፈራም። ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ በስሕተት ቢሠራና ቢሰነጠቅ በውስጡ የሚያድር ሰው የለም። ክረምቱን አሳልፎ ከታየ በኋላ ባለ 4 ሜትር መኝታ ቤት መጀመር ይቻላል። ከ4 ሜትር በላይ መስፋት ግን የመሐንዲስ ስሌት ይጠይቃል፤ ሰፊ ቤት የፈለገ ሰው ሁለት ሦስት ጉልላት አጠገብ ለአጠገብ ሠርቶ በበር ቢያገናኛቸው ይሻላል። ከተማው ክልል ውስጥ ከሆኑ ከመጀመርዎ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ ይጠይቁ።

ጊዜውን በቀን መቁጠሪያው ሳይሆን በዝናቡ ይወስኑ። በደቡብ ወሎ ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል፣ በልጉ የካቲት ላይ ይመጣል፤ በመካከሉ ያለው ደረቅ ጊዜ ደግሞ ከአጨዳና ከውቂያ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። ጥቅምት ላይ አፈሩን ይፈትኑ፣ ድንጋይና፣ እንደ ኻሊሊ ዘዴ አፈሩ የሚሞላበትን ጆንያ ያከማቹ፣ መሠረቱን ያውጡ። እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ፣ ጉልላቱን በደቦ ያንሡት። ስድስት ሰባት ሰው በየቀኑ ቢገኝ የአፈሩ ሥራ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል። ከዚያ የሚቀረው ምርጊቱና ክዳኑ ስለሆነ በልጉ ሳይደርስ ያልቃል። የካቲት ላይ የተጀመረ ጉልላት ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ያገኘዋል፤ እንዲያ ከሚሆን ለሚቀጥለው ዓመት ቢያሳድሩት ይሻላል።

ቦታ ሲመርጡ አፈሩን ከማየትዎ በፊት ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ይመልከቱ። ኩታበር ተዳፋት አገር ነው፤ ክረምት ላይ ከላይ የሚመጣው ጎርፍና ከመሬት ውስጥ የሚመነጨው ውኃ ከጣሪያ ከሚወርደው ይበልጣል። ከገደል አፋፍ፣ ሰንጥቆ ከሚንሸራተት ጥግና ክረምት ላይ ከሚያመነጭ ረባዳ ይራቁ። ቁልቁለቱን ቆርጦ ማስተካከል ግድ ከሆነ የተቆረጠው ግንብ ከቤቱ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ በመካከሉም ቦይ ይውጣ። ከቤቱ በላይ ደግሞ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ሌላ ቦይ ይቆፈር። ሜዳውን የያዘው ጥቁር ዋልካ ከሆነ መሠረቱን ዋልካው ላይ አያሳርፉ፤ ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። እስከ ጠንካራው መሬት መቆፈር ካልተቻለ ቦታ መቀየር ነው።

አፈሩ ራሱ ከሰው አስተያየት ይልቅ በፈተና መታወቅ አለበት። የላይኛው የእርሻ አፈር ብስባሽ ስላለበት ለቤት አይሆንም፤ ከግማሽ ሜትር በታች ያለውን ይውሰዱ። አንገተ ሰፊ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ሲሶው አፈር ሞልተው ውኃና ቁንጥር ጨው ይጨምሩበት፤ አጥብቀው ይናጡትና እስከ ማግሥቱ ሳይነካ ይደር። ጠጠሩና አሸዋው ከሥር፣ ደቃቁ በመካከል፣ ሸክላው ከላይ ተለያይቶ ይታያል። አሸዋውና ጠጠሩ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ ሸክላው ከ15 እስከ 30 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ሸክላው ከበዛ ገረጋንቲ ወይም የወንዝ አሸዋ ይጨመርበታል፤ ካነሰ የሸክላ ሠሪዎችን አፈር ጥቂት ይቀላቅሉበታል። ሁለተኛው ፈተና መኮማተሩን ይለካል፦ ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ሳጥን ርጥብ አፈር ጠቅጥቀው እስኪደርቅ ያቆዩት፤ ሲደርቅ ከዳርና ከዳር የሸሸውን ቦታ ወደ አንድ ጫፍ ገፍተው ይለኩት። ከ15 ሚሊ ሜትር በታች ከሸሸ ለግድግዳ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ አሸዋ ያስፈልገዋል። በሥራ ጊዜ የእርጥበቱን ልክ የሚነግር ደግሞ እጅ ነው፦ ጭብጥ አፈር ጨብጠው ከደረት ከፍታ ይልቀቁት፤ ዱቄት ሆኖ ከተበተነ ደርቋል፣ ተለጥፎ ከቀረ ረጥቧል፣ ለጥቂት ጓል ከተከፈለ ደርሷል።

የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ማስላት ከብዙ ጣጣ ያድናል። ባለ 3 ሜትሩ ጉልላት ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 10 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ አፈር ይወስዳል፤ ክብደቱ ከ17 ቶን በላይ ነው። ልቅ ሆኖ ሲቆፈር ከዚህ በሲሶ ያህል ይበዛል። አፈሩ የሚወጣበት ጉድጓድ ከቤት ደጅ ከተቆፈረ ውኃ ያቁራል፣ ለልጆችም አደጋ ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው ይወስኑ፣ ከፊሉ ለመፀዳጃ ቤት ጉድጓድ፣ ከፊሉ ለውኃ ማቆሪያ ይሁን። ጆንያው በየዓመቱ ማዳበሪያ የሚመጣበት ባለ 50 ኪሎው ነው፤ በጉልበት ተሞልቶ ሲጠቀጠቅ እያንዳንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይይዛል። በዚህ ስሌት ከ330 እስከ 350 ጆንያ ያስፈልጋል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ዓመት ይህን ያህል አያገኝም፤ በቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ከጎረቤት ማሰባሰብ ወይም ሁለት ሦስት ዓመት ማጠራቀም ግድ ነው። የተቀደደውን አይውሰዱ፤ የተጠራቀመውንም ፀሐይ አያግኘው፤ የደጋ ፀሐይ ፕላስቲኩን በወራት ውስጥ ያፍረከርከዋል። ከሱቅ የሚገዛው ዋናው ነገር 400 ሜትር ያህል እሾህ ሽቦ ነው። ውድ ነው፤ ቢሆንም ከዚህ ላይ መቆጠብ አይቻልም፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ አስረዳለሁ።

መሠረቱን ከድንጋይ ያድርጉት። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቦይ እስከ ጠንካራው መሬት፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር፤ ሥሩ ጠጠር ይልበስ፤ ከዚያ ድንጋይ ተደርድሮ ከመሬት በላይ ሌላ 60 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ይህ ከፍታ ለአፈሩ ቤት ዕድሜ ከሁሉም ነገር በላይ ይወስናል። የአፈር ግድግዳ ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ከታች ነው፤ ከክዳኑ የሚወርደው ጠብታ መሬት ነጥሮ እግሩን ይበላዋል፣ እርጥበትም ከሥር ይወጣበታል። ድንጋዩ ሁለቱንም ይመክታል። በውስጥ በጭቃ ቢያያዝ ችግር የለውም፤ በውጭ በኩል ግን መጋጠሚያው በኖራ ወይም በጥቂት ሲሚንቶ ይዘጋ። ሲሚንቶ የምፈቅደው እዚህ ላይና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፍ ጆንያዎች ውስጥ ነው፤ ለነዚያ ረድፎች በአሥራ ሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ መቀላቀል ይበቃል። ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ነው፤ ቤቱን ሁሉ በሲሚንቶ ማጠንከር የተነሣንበትን ያፈርሰዋል፤ ዋጋውም ለገበሬ አይቻልም።

ቅርጹን የሚሰጡት ሁለት ሰንሰለቶች ናቸው። ገመድ ይለጠጣልና አይሆንም። በክቡ መሀል፣ ጫፉ ከድንጋዩ መጨረሻ እኩል የሆነ ካስማ ይተክሉና የመጀመሪያውን ሰንሰለት ያስሩበታል፤ ይህ ክቡን ይጠብቃል። ሁለተኛውን ሰንሰለት በድንጋዩ የውስጥ ከንፈር ላይ በአንድ ቦታ አጥብቀው ያስሩት፤ ርዝመቱ ከቤቱ ስፋት ጋር እኩል፣ ማለትም 3 ሜትር ሆኖ እስከ መጨረሻው አይለወጥም። በየረድፉ ሁለተኛውን ሰንሰለት በመሀሉ ካስማ አናት ላይ አሻግረው ወደ ማዶው ግድግዳ ይወጥሩታል፤ የረድፉ የውስጥ ጠርዝ ጫፉ ከደረሰበት ማለፍም መጉደልም የለበትም። ከዚያ የመሀሉን ሰንሰለት እዚያ ነጥብ ድረስ አስረዝመው ዙሪያውን በእሱ ይለካሉ። በዚህ ዘዴ የሚወጣው ጉልላት ሾጠጥ ያለ ነው፤ እስከ ጫፉ ቢዘጋ ከድንጋዩ በላይ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 ይሆን ነበር። ክብ ኳስ የመሰለ ጉልላት ሊያምርዎ ይችላል፤ ግን አናቱ ዝርግ ስለሚሆን በጆንያ ሲሠራ አደገኛ ነው። የሾጠጠው ግን ክብደቱን ወደ ታች ያወርዳል። ስሌቱም ይህን ያሳያል፦ መነሻው ላይ ረድፎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መሀል ላይ እያንዳንዱ ረድፍ ከሥሩ ካለው ወደ ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል፤ ወደ ጫፉ 16 ይደርሳል። የረድፉ ስፋት 40 ስለሆነ ይህ ከግማሽ በታች ነው፤ ከግማሽ ማለፍ መውደቅ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሲቀረው ያቁሙ። ያ ቀዳዳ የጭሱ መውጫ ይሆናል።

ጆንያውን ቦታው ላይ አስቀምጠው በጣሳ ይሙሉት እንጂ ሞልተው ለመሸከም አይሞክሩ። አፉን ወደ ታች አጥፈው ከቀደመው ጆንያ ጋር ያስጠጉት። ረድፉ ሲሞላ ድምፁ ከለስላሳ ወደ ደረቅ እስኪለወጥ ድረስ በመጠቅጠቂያ ይደብድቡት፤ ሁለት መስመር እሾህ ሽቦ ዙሪያውን ይዘርጉበት፤ የሚቀጥለውን ረድፍ መጋጠሚያው ከሥሩ ባለው ጆንያ መሀል ላይ እንዲውል አድርገው ይጀምሩ። እሾህ ሽቦው ጆንያ ከጆንያ እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ግን የጉልላቱ እግር ወደ ውጭ እንዳይከፈት ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ያስራል። ጫፉና ጫፉ ሲገናኝ አንድ ሜትር ያህል ይደራረብ። በቀን ከሦስት ረድፍ አይለፉ። የበሩንና የመስኮቱን ቦታ በጠንካራ የእንጨት ቅርጽ ይያዙት፤ በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ይስፋ፣ መስኮቱ ከ50 አይብለጥ፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሜትር ግድግዳ ይኑር። ግድግዳው ወደ ውስጥ እያዘነበለ ስለሚሄድ በሩ ላይ በቅስት ወደ ውጭ የሚወጣ አጭር መግቢያ መሥራት ያስፈልጋል፤ ይህም ዝናብ ከመከልከሉ በላይ የተቆረጠውን ቦታ ይደግፋል። ከራስ ቁመት በላይ ሥራ ሲደርስ ከጉልላቱ ሥር ሰው አይቁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የበረሃው መመሪያ የሌለው፣ ለኩታበር ግን የማይታለፍ ነው። ከጉልላቱ ራቅ ብለው፣ እግራቸው ድንጋይ ላይ ባረፈ ስምንት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ክዳን ይሥሩለት። ክዳኑ ሣር ወይም ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል፤ ከጉልላቱ ገላ በአንድ ክንድ ርቆ አየር ያሳልፍ፤ ጠርዙ ከግድግዳው ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። በደቡብ በኩል ያለውን ጠርዝ ከፍ ቢያደርጉት ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ደቡብ ያዘነበለችው ፀሐይ ግድግዳውን ታገኘዋለች። ማድቤቱ ላይ ሣር አላደርግም፤ ከቀዳዳው ፍንጣሪ ሊወጣ ይችላል። ለማድቤት ቆርቆሮ፣ ለመኝታ ቤት ሣር ይስማማል።

እዚህ ላይ ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ከተመለሱ የጉልላቱ ጥቅም ምኑ ላይ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በመጠኑ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳው ራሱ ባሕር ዛፍ ነው፤ ማገሩና ወራጁ ተቆጥሮ አያልቅም፤ እዚህ ግን ስምንት ምሰሶና ጥቂት ቀጫጭን ወራጆች ብቻ ናቸው፤ ከክዳኑ በቀር ምንም አይሸከሙም። ያልቆረጡት ባሕር ዛፍ ደሴ ገበያ ላይ ገንዘብ ነው። ነፋስ ክዳኑን ቢገነጥለው ቤቱ አይጋለጥም፤ ጉልላቱ በምርጊቱ ጥቂት ዝናብ ችሎ ክዳኑ እስኪጠገን ይቆያል። እርግጥ ክዳኑ ስለጋረደው ፀሐይ የጉልላቱን አናት አታሞቀውም፤ ከዚህ ላይ የበረሃው ቤት የሚያገኘውን ጥቅም ከፊሉን እናጣለን። በምትኩ ሌሊት ላይ የአፈሩ አናት ጥርት ካለው ሰማይ ጋር ስለማይተያይ የያዘውን አይለቅም፤ የምድጃውና የሰዉ ሙቀትም ከአፈሩ ጋር ያድራል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ፀሐይ ለሳምንታት ስትጠፋ፣ ወፍራም ግድግዳ ራሱ ይቀዘቅዛል የሚለውም ክርክር እውነት ነው። መኝታ ቤት ከሆነ በክዳኑና በጉልላቱ መካከል ካለው ክፍተት የታችኛውን አጋማሽ በደረቅ ገለባ መሙላት ብርዱን ይቀንሰዋል፤ የከብት መኖን የሚያጎድል ከሆነ ግን ከብቱ የማይበላውን የአገዳ ቅሪት ይጠቀሙ።

የመሬት መንቀጥቀጥን ፈርቶ አፈር ቤት አልሠራም የሚል ሰው ከንቱ ፈሪ አይደለም። ወሎ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው የሚገድለው ያልተያያዘ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ በላዩም የሚወድቀው ከባድ ጣሪያ ነው። እሾህ ሽቦው ላይ አይቆጠብም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ክብ ቅርጹና በየረድፉ የታሰረው ሽቦ ቤቱን አንድ አካል ያደርጉታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በኔፓል በደረሰው ታላቅ መንቀጥቀጥ በዙሪያቸው የድንጋይ ቤቶች ሲፈርሱ በዚህ መንገድ በጆንያ የተሠሩ ቤቶች ቆመው ተገኝተዋል። የኻሊሊ የጆንያ መጠለያም በ1995 እ.ኤ.አ. በኢራን ኹዜስታን ለስደተኞች ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። ይህ ግን ሽቦው ለተዘረጋበትና ክቡ ላልተዛባበት ቤት ነው፤ ሽቦ የሌለው የጆንያ ጉልላት ከተራ የጭቃ ቤት የባሰ አደጋ ነው።

የሰዉን ዓይን መናቅም አይገባም። የፈትሒ ጉርና ብዙ ነዋሪ ሳያገኝ የቀረው መንግሥት ሰዎቹን ያለፈቃዳቸው ሊያዛውር በመፈለጉ ነበር፤ ነገር ግን ጉልላት ለእነሱ የመቃብር ቅርጽ መሆኑም አልጠቀመውም። በወሎም የሼሆች መቃብር ላይ ጉልላት ይታያል፤ አንድ ሽማግሌ መቃብር ውስጥ አልተኛም ቢሉ ነገራቸው ይደመጥ። ክዳን ያለው ጉልላት ግን ከውጭ ሲታይ ጎጆ ነው፤ በውስጡም መደቡን ከክቡ ግድግዳ ጋር አብሮ ከአፈር መሥራት ስለሚቻል አልጋና ሳጥን ለማስቀመጥ ማዕዘን መፈለግ ይቀራል። በጋራ የተሠራ አንድ ማድቤት ተመልክቶ የሚፈርደው ጎረቤት ነው፤ በቅሬው ስብሰባ ላይ ከመናገር ይልቅ እሱን ማሳየት ይሻላል።

ምርጊቱ ፀሐይ ጆንያውን ሳታፈርሰው ይድረስ። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ሰባት ስምንት ቀን ቦክቶ በመጀመሪያ የጆንያዎቹ መካከል ይሞላበት፤ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ይለበጥ፤ በመጨረሻ እበትና ደቃቅ አፈር ይቀባ። ኖራ ከተገኘ በድንጋዩና በአፈሩ መጋጠሚያ፣ እንዲሁም ነፋስ ዝናቡን በሚያላጋበት ጎን ይለቅለቅበት። ሲሚንቶ ልስን ግን አይለጥፉበት፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። የመጀመሪያው በልግ ሲያልፍ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የድንጋዩ አናት ረጥቦ እንደሆነ፣ ቦዩ ደለል ሞልቶ እንደሆነ፣ ከበሩና ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የምርጊት ስለሆነ በእበት ይታበሳል። ጣት የሚያስገባና በየሳምንቱ የሚሰፋ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል፤ ስንጥቁ ዳርና ዳር ላይ በምስማር ምልክት አድርገው ይለኩት፤ እየሰፋ ከሄደ ቤቱን ለቀው ከላይኛው ረድፍ ጀምረው ያውርዱት፤ ጆንያውና ሽቦው ይመለሳል፣ አፈሩም እንደገና ይጠቀጠቃል። ጳጉሜን ላይ ግድግዳው በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ከሆነ፣ ባለ 4 ሜትሩን መሠረት ጥቅምት ላይ ማውጣት ይችላሉ።